የኩይሳ እንጉዳይ፦ ምስጥ ዘርቶ ሰው የሚያጭደው

አማርኛ አንድ ነገር በድንገትና በብዛት ሲወጣ «እንደ አሸን ፈላ» ይላል። «እንደ እንጉዳይ ፈላ» የሚልም አለ። ሁለቱ አነጋገሮች ከአንድ ቤት መውጣታቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። አሸን ክንፍ አውጥቶ ከኩይሳ የሚወጣ ምስጥ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ለምግብ ከሚለቀሙት የዱር እንጉዳዮች መካከል ስመ ጥሩው ደግሞ ከዚያው ኩይሳ፣ ያው ዝናብ ጠርቶት ብቅ ይላል። አንዱ በአየር ሌላው በመሬት ይውጣ እንጂ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የኩይሳ እንጉዳይ በሳይንስ ስሙ ቴርሚቶማይሲስ ይባላል፤ የምስጥ ፈንገስ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የፈንገስ ሊቅ ሮዤ ኤም ነው፤ ጊዜውም 1942 እ.ኤ.አ.። 30 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ የሚገኘውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በሞቃቱ የእስያ ክፍል ነው። ያለ ምስጥ አይኖርም፤ ያውም ማንኛውም ምስጥ ሳይሆን ፈንገስ የሚያለሙ የተወሰኑ የምስጥ ወገኖች ባሉበት ብቻ። መጠኑ እንደየዝርያው እጅግ ይለያያል። ትንሹ፣ ቴርሚቶማይሲስ ማይክሮካርፐስ፣ ቆቡ ከኮት ቁልፍ ብዙም አይበልጥም። ከዛምቢያ ተገኝቶ በ1980 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀው ቴርሚቶማይሲስ ቲታኒከስ ግን ቆቡ እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል። ዝናብ የያዘው ሕፃን ሊጠለልበት ይችላል።

ጥላው የማን ነው?

በሰሜንና በመሀል አገር የዱር እንጉዳይ የተለመደ ስሙ የጅብ ጥላ ነው። ከተማ ውስጥ ስለ ምግብ ሲወራ «እንጉዳይ»፣ ሜዳ ላይ የበቀለ የማይታወቅ ነገር ሲታይ ደግሞ «የጅብ ጥላ» ማለት ልማድ ሆኗል። ጅብ ጥላ ይዞ እንደማይሄድ የታወቀ ነው፤ ስሙ ግን ሥራ አለው፤ «ያንተ አይደለም፣ ተወው» ይላል። እኔ ባደግሁበት ቤት የጅብ ጥላ የነካ ልጅ እጁን ሁለት ጊዜ ሳይታጠብ ወደ ገበታ አይቀርብም ነበር። እንጉዳይ በመንካት ብቻ የሚመረዝ ሰው የለም፤ ቢሆንም በኋላ ሳስበው ክልከላው ከንቱ አልመሰለኝም። መርዛማውን ከጤነኛው የሚለይ ሰው በሌለበት መንደር ሁሉንም መከልከል ብልህነት ነው።

ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። በመዠንግር፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች እንዲሁም በአሶሳ አካባቢ በበርታና በጉሙዝ ሕዝቦች ዘንድ የዱር እንጉዳይ መብላት የቆየ ባህል ነው። ለቃሚዎቹ በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ዕውቀቱም ከእናት ወደ ልጅ በእግር ጉዞ ላይ ይተላለፋል እንጂ በቃል ብቻ አይነገርም። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የመዠንግር በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ስለ እነዚህ ጫካዎች ሲነገር ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ይወደሳል። ከወለሉ የሚለቀመው እንጉዳይ ግን ሸቀጥ ሆኖ ወደ ከተማ ስለማይሄድ ስሙ እምብዛም አይነሣም።

ከመሬት በታች ያለው እርሻ

ስለ እንጉዳዩ ለማወቅ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ይወቅ። ምስጥ እንጨት ይበላል ይባላል እንጂ እነዚህ ምስጦች እንጨቱን ብቻቸውን ፈጭተው መጨረስ አይችሉም። ደረቅ ሣርን፣ ቅጠልን፣ የወደቀ ግንድንና የከብት እበትን እየቆረጡ ወደ ኩይሳው ያስገባሉ። ወጣት ሠራተኞች ያን ከፈንገሱ ዘር ጋር ይውጡትና ሳይፈጭ በፊት በተዘጋጀለት ጓዳ ውስጥ ይጥሉታል። የተጣለው እየተከመረ ሰፍነግ የመሰለ፣ እጥፋቱ የበዛ፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር ቡናማ ክምር ይሆናል። ፈንገሱ ክምሩን በነጭ ክር ይወርሰዋል፤ ምስጦቹ ሊፈጩት ያቃታቸውን ጠንካራ የእንጨት ክፍል ያላላላቸዋል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በክምሩ ላይ ከስናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ነጫጭ እንክብሎች ይታያሉ። ምስጦቹ እነርሱን ይበላሉ፤ በስሎ ያረጀውንም ክምር እንዲሁ ከታች እየበሉ ከላይ አዲስ ይጨምራሉ።

የእርሻው ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ እንዲቆይ ኩይሳው ራሱ ያግዛል፤ ግድግዳው፣ ቀዳዳውና መተላለፊያው አየሩን እየለወጠ ሙቀቱን ያመጣጥናል። ምስጦቹ እርሻቸውን ያርማሉ ማለትም ይቻላል። ሌላ ፈንገስ ሲገባ ነቅለው ይጥላሉ። ምስጦቹ በሞቱበት ወይም ጥለውት በሄዱበት ጓዳ ዚላሪያ የተባለ ሌላ ፈንገስ ወዲያው ወርሶት ይገኛል።

ፈንገስ የሚያለሙ ምስጦች 330 ያህል ዝርያ አላቸው። ይህ ግብርና የተጀመረው በአፍሪካ ጫካ ውስጥ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ከዘር ሐረግ ጥናት ታውቋል። በታንዛኒያ ሩክዋ ሸለቆ 25 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የእርሻ ጓዳዎች ተገኝተዋል። ሰው እህል መዝራት ከጀመረ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ገበሬነትን ከማን ተማርን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ኩይሳው ቅርብ ነው።

ለምግብ የምንለቅመው እንጉዳይ የዚህ እርሻ አበባ ነው። ኩይሳው ከጎለመሰ በኋላ፣ ዝናቡ መሬቱን ውስጥ ድረስ ሲያርሰው፣ ፈንገሱ ከጓዳው ተነሥቶ ሽቅብ ይገፋል። ከላይ ያለው አፈር በምስጥ ምራቅ የተለሰነና የጠጠረ ነው፤ ስለዚህ እንጉዳዩ ቆቡን እንደ ጃንጥላ አጥፎ፣ በአናቱ ላይ ባለው ሹል እየሰረሰረ ይወጣል። ከኋላው ከጓዳው ጋር የሚያገናኘውን ሥር መሳይ ረጅም ጅማት ይጎትታል። ብርሃን ሲያገኝ ቆቡ ይዘረጋል፤ ሹሉ ግን በመሀሉ ላይ እንደ ጡት ጫፍ ቀርቶ ይታያል።

መለያው

በዝናብ ማግሥት ጠዋት ነው እንበል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሣርና ቁጥቋጦ የወረረው አሮጌ ኩይሳ አለ። በእግሩ ዙሪያ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነጫጭና ግራጫ ቆቦች በመንጋ ወጥተዋል፤ አንዳንዱ ገና ጡጫ የመሰለ ዝግ፣ ሌላው እንደ ምጣድ አክምባሎ የተዘረጋ። አዋቂዋ ለቃሚ ቆቡን አይታ አትቸኩልም። ከጎኑ ተንበርክካ በእንጨት አፈሩን ትፈነቅላለች፤ የእንጉዳዩን እግር እየተከተለች ወደ ታች ትወርዳለች። እግሩ እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ ስንዝር፣ ክንድ ያህል ወደ ኩይሳው ከጠለቀ ትክክለኛው ነው። ሥሩ ሁለት ጣት ሳይሞላ ካለቀ፣ ወይም በከረጢት ውስጥ እንደተቀመጠ እንቁላል ክብ ሆኖ ከተገኘ ትታው ትሄዳለች።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የኩይሳን እንጉዳይ ከመልኩ ይልቅ ከቤቱ መለየት ይሻላል። መልክ ያታልላል። ቆቡ እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ሥሩ ግን ከምስጡ ጓዳ ሌላ መነሻ የለውም። ብዙ አደጋ የሚደርሰውም እንጉዳዩን ከላይ ቀንጥሰው ለሚሄዱ ሰዎች ነው፤ ዋናውን ማስረጃ መሬት ውስጥ ትተውት ይሄዳሉና።

ከሥሩ ቀጥሎ የሚታየው ከቆቡ በታች ያለው ነው። እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተደረደሩት ስስ ክፍሎች ሲወጣ ነጭ ናቸው፤ እያደገ ሲሄድ ደብዘዝ ወዳለ ሮዝ ይለወጣሉ። እግሩን ከላይ አይነኩትም ወይም በጭንቅ ይነኩታል። ሥጋው ነጭ፣ ጥብቅና ሲተረትሩት ክር ክር የሚል ነው። አንዳንዱ ዝርያ በእግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ስለዚህ ቀለበት መኖሩ ብቻውን አያስፈርድም፣ አለመኖሩም አያጸድቅም።

ጥርጣሬ ያለበት ሰው የዘሩን ቀለም ይይ። ቆቡን ከእግሩ ቆርጦ፣ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጎ በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጥና በብርጭቆ ይድፋበት። ሲያድር በወረቀቱ ላይ የሽንሽኑን ቅርጽ የተከተለ ስስ ዱቄት ያገኛል። የኩይሳ እንጉዳይ ዱቄት ሮዝ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሮፊለም የተባለው መርዛማ እንጉዳይ ነው፤ በሞቃት አገሮች በሣር ሜዳና በግቢ ውስጥ የሚበቅል፣ ትልቅ፣ ነጭ፣ ቡናማ ቅርፊት ጣል ጣል ያለበትና መልኩ ለሆድ የሚያጓጓ። የበላው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በኃይል ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ዱቄቱ ነጭ ከሆነ ደግሞ የከፋውን መጠርጠር ያሻል፤ ገዳዮቹ የአማኒታ ወገኖች ዘራቸው ነጭ ነውና። ሮዝ መሆኑም ለብቻው በቂ አይደለም። ኤንቶሎማ የሚባሉ መርዘኞች ዘራቸው ሮዝ ነው፤ እነርሱ ግን ሽንሽናቸው በእግሩ ላይ የተጣበቀ ነው፣ ከምስጥ ጓዳ የሚነሣ ሥርም የላቸውም።

ስለ አማኒታ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። አማኒታ ፋሎይድስና የቅርብ ዘመዶቹ የያዙት መርዝ በመቀቀል፣ በመጥበስ፣ በማድረቅ አይጠፋም፤ ጣዕሙም መጥፎ አይደለም። ሕመሙ የሚጀምረው ከበሉት በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በኃይል ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሰውየው የዳነ ይመስለውና ይተኛል። በዚያ ፋታ ውስጥ ጉበቱ እየሞተ ነው። እንጉዳይ በልቶ ቆይቶ የታመመ ሰው ተሻለኝ ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም፤ የተረፈውን እንጉዳይ፣ ልጣጩንም ቢሆን፣ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

መርዝን በብር ቀለበት ወይም በነጭ ሽንኩርት መጥቆር መለየት ይቻላል የሚለው ወሬ በብዙ አገር አለ፤ ብዙ ሰውም ጨርሷል። ቀንድ አውጣ ወይም ትል በልቶታል ማለትም ለሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ትል ሰውን የሚገድለውን እንጉዳይ ሲበላ ይውላል፣ ምንም አይሆንም።

ለቀማው

ጊዜው የዝናቡ ጊዜ ነው። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ቀድሞ ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ በበልግ ሊወጡ ይችላሉ፤ በሌላው ቦታ ዋናው ወቅት ክረምቱ ነው። ዝርያው የራሱ ቀጠሮ አለው፤ አንዱ ዝናብ ሲጠባ፣ ሌላው መሬቱ ከጠገበ በኋላ። ትንሹ ማይክሮካርፐስ ከኩይሳው ጫፍ ራቅ ብሎ፣ ምስጦች ከጓዳቸው ቆርሰው በመሬት ላይ በበተኑት ፍርፋሪ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው የረጅም ሥር መለያ ለእርሱ አይሠራም፤ በአንድ ሌሊት ሜዳውን አመዳይ የወረደበት ያስመስለዋል። እርሱን መልቀም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ እፍኝ ለመሙላት መቶ ጊዜ ማጎንበስ አለ። ልጆች የሚላኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ኩይሳ ምስጡ እስካለ ድረስ በየዓመቱ በዚያው ወቅት መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለቃሚ ቦታውን ያስታውሳል እንጂ ሁልጊዜ አዲስ አይፈልግም፤ ቦታውንም ለማንም አይናገርም። ቀድሞ መድረስም ግድ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጡጫ የነበረው ነገ ተዘርግቶ ከነገ ወዲያ በትልና በጥንዚዛ ይሞላል።

ኩይሳ ላይ እጅ የሚሰድ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው እባብ ነው፤ በአሮጌ ኩይሳ ቀዳዳ መጠለል ይወዳልና ቀድሞ በዱላ መነካካት ልማድ ነው። ሁለተኛው ወታደሩ ምስጥ ነው። ትልቅ ቀይ ራሱና መንጋጋው ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ይህ ፍጡር ጣት ሲነክስ ያደማል፤ ቢጎትቱት አካሉ ይበጠሳል እንጂ መንጋጋው አይላቀቅም። ልምድ ያለው ለቃሚ ጓዳውን ሳይሰብር፣ ሥሩ ቀጥኖ ሲጠቁር ካየ በኋላ እዚያው ይቆርጣል። ይህም ለምስጡ በማዘን ብቻ አይደለም፤ ጓዳው የፈረሰ ኩይሳ በቀጣዩ ዓመት ላይሰጥ ይችላል።

የተለቀመው በቅርጫት ወይም በኮባ ቅጠል ይያዛል። ፌስታል ውስጥ የታፈነ እንጉዳይ ቤት ሳይደርስ ይልጋል። አፈሩን እዚያው መጥረግ ደግሞ ማታ ከሚመጣ ሥራ ያድናል፤ ሽንሽን ውስጥ አንዴ የገባ አሸዋ በሦስት ውሃም አይወጣም።

ወጥ ቤት

የኩይሳ እንጉዳይ ጥሬውን አይበላም። እግሩ በቢላዋ ይፋቃል፤ የጠቆረው የሥሩ ጫፍ ይጣላል። ቆቡ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ካረጀ በጥፍር ይገፈፋል። ከዚያ በቢላዋ ከመክተፍ ይልቅ በእጅ እየተረተሩ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ክሩ እንደ በሰለ የዶሮ ደረት ስለሚለያይ ቅመሙ ውስጥ ድረስ ይገባል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቁሌቱ ላይ በጥሬው በመጨመር ነው። ከትኩስ እንጉዳይ ክብደት አብዛኛው፣ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ፣ ውሃ ነው። መጀመሪያ ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ በጋለ ድስት ላይ ይጣላል፤ ሲጮህ ይቆይና ውሃውን ይተፋል፤ ድስቱ ሙሉ የነበረው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውሃው እየመጠጠ ሄዶ መጮኹን ሲያቆምና የተጠበሰ ሥጋ የመሰለ ሽታ ሲመጣ ነው ተራው የሽንኩርቱ። ቀይ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበቃዋል። በርበሬ የሚወድ ቀይ ወጥ ያደርገዋል፤ እኔ ግን በእርድ አልጫውን እመርጣለሁ፤ በርበሬው የእንጉዳዩን የራሱን ጣዕም ይደፍነዋልና። ከፋ ላይ ኮረሪማ ጣል ይደረግበታል። በየአካባቢው ከቆጮ፣ ከጎደሬ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ገንፎ ጋር ይቀርባል።

ትርፍ ሲኖር ተተርትሮ በፀሐይ ወይም ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይደርቃል። የደረቀው ከትኩሱ ይልቅ ሽታው ይበረታል፤ ተወቅጦ በወጥ ውስጥ እንደ ቅመም ይገባል። ከደረቀው ክብደት ከአምስት አንዱና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋ በማይገኝበት የክረምት ወር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፀሐይ የደረቀ እንጉዳይ ቫይታሚን ዲም ይጨምራል።

የክረምቱ ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር መግጠሙ ለጿሚው ደስታ ነው። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ለ15 ቀን ሥጋና ወተት በማይነካበት ቤት የእንጉዳይ ጥብስ የሥጋን አምሮት ያስረሳል። ሳይንስ ፈንገስን ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት የቀረበ ዘመድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ይህን ገበታ ላይ ማንሣት ግን ጨዋነት አይደለም። በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በጾም የሚቀርበው እንጉዳይ በአብዛኛው የኩይሳው አይደለም፤ በገለባና በጥጥ ፍሬ ልጣጭ ላይ የሚለማው ፕሊውሮተስ የተባለው ነው። እርሱም ጥሩ ነው፤ የኩይሳውን ቀምሶ የተመለሰ ሰው ግን ልዩነቱን ሳይናገር አያድርም።

አዲስ ዓይነት እንጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው ጥቂት በልቶ ቢያድር ይመከራል። ሌላውን የሚጎዳ ባይሆንም ለእርሱ ላይስማማ ይችላል። ፀረ ተባይ ከተጨመረበት ኩይሳ ወይም ከተረጨ ማሳ ዳር የወጣውን ግን ማንም እንዳይነካው።

ኩይሳ በሌለበት አገር

በዛምቢያና በታንዛኒያ የመንገድ ዳር ሴቶች የኩይሳ እንጉዳይ በሳፋ ደርድረው ለመኪና መንገደኛ ይሸጣሉ። በቻይና ዩናን ግዛት ጂዞንግ ይባላል፤ በውድ ከሚሸጡት የዱር እንጉዳዮች አንዱ ነው፤ በዘይት ተጠብሶ በጠርሙስ ይቀመጣል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን ጨርሶ የለም፤ ፈንገስ የሚያለሙት ምስጦች እዚያ አልደረሱም።

ይህ ለተሰደደ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። መዠንግር ወይም አሶሳ አድጎ ዛሬ በዋሺንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ሰው በጫካ ሲሄድ የልጅነቱን እንጉዳይ ያየ ሊመስለው ይችላል። ያ ሊሆን አይችልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በጀርመን በርካታ ስደተኞች አማኒታ ፋሎይድስን ከአገራቸው የሚበላ እንጉዳይ ጋር አመሳስለው በልተው ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ደርሶባቸዋል። አሜሪካ ውስጥም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎች በተመሳሳይ ስሕተት ተጎድተዋል። በየአገሩ ያለው ዕውቀት ለዚያው አገር ጫካ ነው፤ ከሻንጣ ጋር አይሄድም።

ምስጡን የጠላ

ገበሬው ምስጥን መጥላቱ በምክንያት ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በነጆ አካባቢ ማክሮተርሚስ የተባለው ትልቁ ምስጥ በቆሎውን ይጥላል፣ ግጦሹን ያራቁታል፣ የቤቱን ምሰሶ ከውስጥ ቦርቡሮ ባዶ ቅርፊት ያደርገዋል። ኩይሳ እየቆፈሩ ንግሥቲቱን ማውጣትና በጉድጓዱ መርዝ ማፍሰስ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረ መፍትሔ ነው። ይሁንና እንጉዳዩ የሚለማው በዚሁ ምስጥ ጓዳ ነው። ኩይሳው የተደለደለበት መንደር ምሰሶው ይተርፍለት ይሆናል፤ ከክረምት ገበታው ግን አንድ ምግብ ይጎድላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መላ ካለ ከማሳውና ከቤቱ የራቀውን የጫካ ኩይሳ መተው ይመስለኛል።

በሰው እጅ ማልማቱማ ብዙ ተሞክሯል። ፈንገሱን በላቦራቶሪ ሣህን ላይ ማሳደግ ይቻላል፤ ነጭ ክሩን ይዘረጋል፣ እንክብሉንም ያወጣል። ቆብ ዘርግቶ እንዲወጣ ማድረግ ግን ለገበያ በሚበቃ መንገድ አልተሳካም። ምስጡ የሚሰጠውን ሙቀት፣ እርጥበት፣ አረም ነቀላና ጥበቃ ሁሉ በአንድነት የሚተካ እስካሁን አልተገኘም።

ምስጡም ቢሆን ከእንጉዳዩ ውጭ አይሆንለትም። በአብዛኞቹ ዝርያዎች አሸን ከኩይሳው ሲበር ፈንገሱን ይዞ አይሄድም። ክንፉን አራግፎ መሬት ገብቶ አዲስ ቤት የጀመረ ጥንድ የመጀመሪያ ልጆቹ አድገው እስኪወጡ ያለ እርሻ ይቆያል። እነዚያ ልጆች ለምግብ ሲወጡ ከሣሩና ከቅጠሉ ጋር የእንጉዳይ ዘር ብናኝ ይዘው ይገባሉ፤ እርሻው የሚጀመረው በዚያ ነው። ብናኙን የሚበትነው ደግሞ ሳይለቀም የቀረው፣ ቆቡ ተገልብጦ ጠርዙ የተሰነጣጠቀው፣ ትል የገባበትና ለድስት የማይሆነው አሮጌ እንጉዳይ ነው። እርሱን በኩይሳው ላይ እንደቆመ ይተዉታል።